ዞረህ አትይ ያለው አዋቂ

ልጆች ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን ስጡኝ እንጂ ጥርሳችሁን አትደብቁ። ውሸቱን እዚሁ ተዉት፣ እውነቱን ይዛችሁ ግቡ።

ድሮ፣ ድሮ፣ ቁንጫ ለፈረስ ኮርቻ በምትሰፋበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋ አገር፣ ከወንዙ ማዶ ከጋራው ወዲህ፣ ቢያድግልኝ የሚባል አዋቂ ነበር። ጠንቋይ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም። ጠንቋይ ያለ ሰው አፉ ይጣመማል ይባል ስለነበር አገሩ ሁሉ ተጠንቅቆ "አዋቂው" ነበር የሚለው። እናቱ ሕፃን ሳለ ቀጭን ሆኖባት "ምነው ቢያድግልኝ" ብላ ነው ስም ያወጣችለት። ፈጣሪ ሰማት፤ ልጁ አደገ። ብቻ ወደ ላይ ማደጉን ትቶ ወደ ጎን አደገ። ቦርጩ ቤት የሚገባው ጠዋት ነው፤ እሱ ራሱ ተከትሎ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ።

የዚህ ሰው እውቀት ተነግሮ አያልቅም። ጠጠር ይጥላል፣ ኮከብ ይቆጥራል፣ ሞራ ይገልጣል። አህያው የጠፋበት ሰው ሲመጣ ሰባት ጠጠር ሰፌድ ላይ በትኖ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "አህያህ ወይ ሞቷል፣ ወይ አልሞተም" ይላል። ሰውየው ሄዶ ሲያየው ልክ እንደተባለው ይሆናል። ራሱን ያመመው ሲመጣ ስሙን ከእናቱ ስም ጋር ይጠይቅና በጣቱ ይደምራል። የእጁ ጣት ሲያልቅበት ወደ እግሩ ጣት ለመድረስ ይሞክራል፤ ቦርጩ ሲከለክለው "ኮከብህ ተጋርዷል" ይላል። ጠጠሩም ኮከቡም ያልገለጡት ነገር ካለ በግ ይታረድና ሞራው ወደ ብርሃን ተዘርግቶ ይነበባል። ሞራው ላይ ሁልጊዜ የሚነበበው ግን አንድ ነገር ነው፦ ሌላ በግ።

በሽተኛው ከዳነ "እኔ አዳንኩት"፤ ከሞተ "አዘገያችሁት"፤ ሳይድንም ሳይሞትም ከከረመ "ውቃቢዬ እያሰበበት ነው"። ዝናብ ሲቀር ገበሬ ይራባል። አዋቂ ግን ዝናብ ሲቀርም ይበላል፣ ሲዘንብም ይበላል።

መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጭዳ ነው። ዶሮ ወይም በግ ይመጣል፤ በበሽተኛው ራስ ላይ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ በሽታው ወደ እንስሳው ይገባል፤ እንስሳው ከመንደሩ በታች ባለው መንታ መንገድ ላይ ይጣላል። ሕጉ ሁለት ነው። ጭዳ የጣለ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ አያይም፤ ካየ በሽታው ተከትሎት ይመለሳል። የተጣለ ጭዳ ደግሞ ማንም አያነሳም፤ ያነሳ እንደሆነ በሽታውን ይወርሳል። ቢያድግልኝ ይህን ሁሉ ሲያሳጥረው እንዲህ ይላል፦

"አዙር! ጣል! ዞረህ አትይ!"

አገሩም ያዞራል፣ ይጥላል፣ ዞሮ አያይም። የተጣለው በግ የት ይገባል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ዞሮ ያላየ ሰው ምኑን ይጠይቃል?

ደግሞ የዚህ ሰው ውቃቢ የየቤቱን ከብት መልክ ያውቃል። "ቀይ ዶሮ፣ ግራ እግሯ ላይ አንድ ጣት የጎደላት" ይላል። ባለ ዶሮዋ "ወይ ጉድ! በየት በኩል አየብኝ!" ትላለች። ውቃቢው እንኳ በየትም አላየም። ያየችው የቢያድግልኝ ሚስት ትርንጎ ናት። ትርንጎ በየማለዳው ገል ይዛ እሳት ልትጭር ትወጣለች፤ ዛሬ ከላይ ቤት፣ ነገ ከታች ቤት። ጎረቤቱ "እነዚህ ሰዎች ቤት እሳት አያድርም እንዴ?" ይላል እንጂ፣ እጇ ፍም ሲጭር ዓይኗ በረት ውስጥ እንደሚዞር ልብ አላለም። ስትመለስ በገሏ ሁለት ፍም፣ በሆዷ ደግሞ የማን ምጥ እንደቀረበ፣ የማን ሳል እንደባሰ፣ የማን በግ እንደሰባ ይዛ ነው።

በዚያው አገር አንጓች የምትባል ባልቴት ነበረች። ያላት ነገር ሦስት ነው፦ አንድ የበግ ሙክት፣ አንድ በሬ፣ አንዲት ልጅ። ሙክቱ ጥቁር ሆኖ ግራ ጎኑ ላይ የሕፃን ውስጥ እግር የመሰለ ነጭ ምልክት ነበረው፤ አምስቱ ጣት ሳይቀር። የመንደሩ ልጆች ቁጥር የተማሩት የሙክቱን ጣት እየቆጠሩ ነው። በሬው ዳልቻ ይባላል። አንድ በሬ ብቻውን ስለማያርስ ከጎረቤቷ ከአያ ሙጨ በሬ ጋር ይጠመድና የሁለቱንም ማሳ ያርሳል። ልጇ ስንዱ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ፣ እንደ ወጉ፣ ከባሏ ቤት እናቷ ቤት መጥታለች።

አንጓች ፈሪ ሴት አልነበረችም። ነገር ግን የስንዱ ታላቅ በዚያው ቤት፣ በዚያው መደብ ላይ፣ በምጥ ሞታባታለች። ከዚያ ወዲህ ስንዱ ስታስነጥስ ትደነግጣለች፤ ሳታስነጥስ ስትቀርም "ምነው ዝም አለች?" ብላ ትደነግጣለች። ታዲያ ሰኔ ሲገባ የስንዱ እግር አበጠ።

"እማ፣ ልጅ ተሸክሜ እኮ ነው" አለች ስንዱ። "ዘጠኝ ወር ሙሉ እንስራ ያዘለች ሴት እግሯ ባያብጥ ነው የሚገርመው።"

"ዝም በይ! የእህትሽም እግር እንዲሁ ነበር ያበጠው" አለችና አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አዋቂው ቤት ገሰገሰች።

ቢያድግልኝ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ "የእግር ነገር ይዘሽ መጥተሻል" አላት። ለሌላው አንቱ የምትባል ባልቴት ናት፤ ውቃቢ ግን አንቱታ አያውቅም።

"በየት አወቁት ጌታዬ!" አለች አንጓች። ትርንጎ በዋዜማው እሳት ልትጭር መጥታ የስንዱን እግር ደጋግማ አይታ፣ "እሰይ፣ ወፈርሽ!" ብላ መሄዷ ትዝ አላላትም።

"ስሟን ከነእናቷ ንገሪኝ።"

"ስንዱ። እናቷ እኔው ነኝ፣ አንጓች።"

ቢያድግልኝ ጠጠሩን በተነ፣ ጣቱን ቆጠረ፣ አቃሰተ፣ አገሳ። "ጠጠሬ አይዋሽም፣ ኮከቤ አይስትም! ደጃፍሽ ላይ አንዲት ክፉ ቆማለች። ጥቁር ትላለች።"

"ጥቁር ምን?"

"ጥቁር ሙክት። ጎኑን እግር የረገጠው።"

አንጓች ደረቷን ደቃች። "ወይኔ ልጄን! ሙክቴን ሳይቀር ታውቀዋለች!"

"ማወቅ ብቻ? ስትመኘው ነው የከረመችው። አዙሪ! ጣይ! ዞረሽ አትዪ!"

ሙክቱ ሰብቶ ስለነበር ሲያዞሩት አያ ሙጨ ከፊት፣ አንጓች ከኋላ ተሸከሙት። ከታች የተቀመጠችው ስንዱ ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ ሙክቱ በሁለተኛው ዙር ሹሩባዋን መብላት ጀምሮ ነበር። ከዚያ አንጓች መንታ መንገዱ ላይ አውርዳው ፊቷን መለሰች። ሙክቱ ከኋላዋ ጮኸ። ከእናቱ ሞት በኋላ በእጇ የባቄላ ገለባ እያጎረሰች ያሳደገችው ነው፤ ያ ድምፅ እሷን እንጂ ሌላ ሰው ጠርቶ አያውቅም። አንገቷ ልዙር ልዙር አላት። አገጯን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እንደተጠመደ በሬ ፊት ለፊቷን ብቻ እያየች ቤቷ ገባች።

በሳምንቱ የስንዱ እግር ይቀጥናል ሲባል ይባስ ብሎ ሙቀጫ አከለ።

አንጓች በዶፍ ዝናብ ተመልሳ ሄደች። ትርንጎ በር ላይ ተቀበለቻት።

"ውይ እመት አንጓች! ዝናብ ጨረሰዎት! ይግቡ፣ ይግቡ። እንዴ፣ መሬት ላይማ አይቀመጡም፤ አጎዛ ላንጥፍልዎት።"

በቤቱ ጥግ አጎዛ እንደ ድርቆሽ ተከምሯል። ትርንጎ የላይኛውን፣ አዲሱን፣ ገና ሽታው ያለቀቀውን አነሳችና አነጠፈች። ትርንጎ ሞኝ ሆና አይደለም። ሰው ግን ብልጠቱ ሲበዛ አጎዛው ይበዛል፤ አጎዛው ሲበዛ የትኛው የማን እንደሆነ ይጠፋዋል።

አንጓች ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል ከጥቁሩ ጠጉር መሃል አንድ ነጭ የሕፃን እግር አየች። አምስቱ ጣት ሳይቀር።

ተቀመጠችበት። መጀመሪያ አለቀሰች፤ እንባዋን ከራሷ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ሸፈነላት። ቀጥሎ ተናደደች፤ ንዴቷን የምድጃው ጭስ ሸፈነላት። ከዚያ ማሰብ ጀመረች። ሐሳቧን ግን መሸፈን አላስፈለጋትም፤ በአዋቂው ቤት የሰው ሐሳብ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከመጋረጃው ጀርባ አጥንት የመጋጥ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ቆም ሲል ቢያድግልኝ ተናገረ፦

"ሙክቱ መንገዱን ከፈተ እንጂ ክፉዋን አላጠገባትም። አሁን የምትለው ዳልቻ ነው። ግራ ቀንዱ ጫፉ ላይ የተሸረፈ፣ አራት እግር ያለው።"

"በሬዬን? ሰኔ ገብቶ? ምን አርሼ ምን ልበላ ነው ጌታዬ?"

"ለሱ ሌላ ቀን ጠጠር እንጥላለን። እስከ እሁድ በሬው ካልተጣለ ግን ልጅሽን ከእህቷ ጎን ቆፍሪላት።"

አንጓች እግሯ ስር ያለውን ጠጉር በጣቷ ጭምድድ አደረገችው። ቀና ስትል ድምፅዋ እንደ ማር ሆኗል።

"ጌታዬ፣ አንዲት ነገር ብጠይቅ አይቆጡኝ። ልጄ ያልተሻላት ምናልባት ሙክቱን ሰው አንስቶት ይሆን?"

አጥንቱ ዝም አለ።  ከዚያ ቢያድግልኝ ጮኸ። "ማን አባቱ ደፍሮ! ጭዳ ያነሳ፣ ጭዳ የቀመሰ፣ ቆዳው ላይ የተቀመጠ ሁሉ በሽታውን ከነሥሩ ይወርሳል!"

"ከነሥሩ?"

"ከነቅርንጫፉ!"

"ይህችን ነበር መስማት የፈለግሁ" አለችና አንጓች ተነሳች።

"ምነው ተነሱ እመት አንጓች? ዝናቡ እኮ አላባራም" አለች ትርንጎ።

"አጎዛው ቆረቆረኝ ልጄ።" ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞራ፦ "በሬ ከባድ ነው ጌታዬ። እርስዎ ራስዎ ካልመጡ ጉልበት የለኝም። እሁድ ከዋርካው ሥር፣ አገር ባለበት ያዙሩልኝ።"

ቢያድግልኝ አሰበ። አገር ባለበት አንድ በሬ ሲጣል ያየ ሰው ሁሉ ነገ የራሱን በሬ ይዞ ይመጣል። ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ ለእሱ በረት ማለት ነበር። "ጠጠሬ ፈቅዷል" አለ፣ ጠጠሩን ሳይነካ።

አንጓች በቀጥታ አያ ሙጨ ዘንድ ሄደች። አያ ሙጨ ሲሰማ መጀመሪያ የተጨነቀው ለራሱ በሬ ነው።

"ዳልቻ ከተጣለ የኔ በሬ ከማን ጋር ሊጠመድ ነው? ከኔ ጋር?"

"የሙክቴን ቆዳ አየሁት ሙጨ። ተቀመጥኩበት።"

"እመት አንጓች! ቀስ ብለው ይናገሩ፤ አፍዎ እንዳይጣመም!"

"ተጣሞም ቢሆን ይናገራል። ይልቅ ንገረኝ፣ ለቁርጥማትህ የጣልካት ጊደር ጭራዋ ምን ይመስል ነበር?"

"ጫፉ ነጭ፣ ሌላው ቀይ... ቆይ።"  ቢያድግልኝ ዝንብ የሚያባርርበት ጭራ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። ከዚያ ዱላውን ፈለገ።

"ዱላህን አስቀምጥ" አለችው አንጓች። "በዱላ ብትመታው እስከ ማታ ያመዋል፣ ነገ ደግሞ የመታኝ ሰው ይሞታል ብሎ በግ ይጠይቅሃል። በራሱ ሕግ ነው የምንመታው።"

እሁድ ደረሰ። አገሩ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ቢያድግልኝ በበቅሎ መጣ፤ በቅሎዋ ለሦስት ቀን ከሰው ጋር አልተነጋገረችም ይባላል። ይህ ሰው ከራሱ አጎዛ በቀር በሌላ አይቀመጥምና ትርንጎ ከክምሩ ላይ አዲሱን፣ ለስላሳውን ጠቅልላ አምጥታ አነጠፈችለት። እላዩ ላይ ሲቀመጥበት የአጎዛው ጫፍ እንኳ አይታይም፤ ከእሱ መቀመጫ የሚበልጥ መጋረጃ በዚያ አገር አልተሸመነም። ጫፉ ነጭ የሆነ ቀይ ጭራውን እያወዛወዘ፣ ራሱ ላይ የገብስማ አውራ ዶሮ ላባ ሰክቶ፣ ዳልቻን ከእግር እስከ ቀንድ በዓይኑ ገነጣጠለው። ዳልቻም አየው። በሬው ዝም ያለው ንቆት ነው።

"በሬ እንኳ ራስ ላይ አይዞርም" አለ ቢያድግልኝ። "ስንዱ በሬውን ሦስት ጊዜ ትዙረው። ውቃቢዬ አሻሽሎታል።"

አንጓች ግን ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ አያ ፈንቴ ቀርባ እጅ ነሳች። አያ ፈንቴ ሕግ ከመውደዱ የተነሳ የገዛ ፍየሉን ከስሶ፣ ራሱ ዳኝቶ፣ ፍየሉ ረትታው የሄደች ሰው ነው።

"ጌታዬ፣ በሬዬን ከመጣሌ በፊት አዋቂው የጭዳን ሕግ በአገር ፊት ይናገሩልኝ። አንድ ሞኝ ሳያውቅ አንስቶት እንዳይጎዳ።"

"ደግ ብለዋል" አለ አያ ፈንቴ። "ተናገር፣ ቢያድግልኝ።"

ቢያድግልኝ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጭዳ ማለት..."

"ቆይ! ሕግ ተቀምጦ አይነገርም። ቁም።"

"አያ ፈንቴ፣ ቦርጬን ያውቁት የለ?"

"አውቀዋለሁ። እሱም ይቁም።"

አያ ሙጨ ከቀኝ፣ ሦስት ጎበዞች ከግራ ገብተው አቆሙት። ቢያድግልኝ ጭራውን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ ድምፁን አወፍሮ ተናገረ።

"ጭዳ ያነሳ፣ ጭዳ የቀመሰ፣ ቆዳው ላይ የተቀመጠ፣ በሽታውን ከነሥሩ፣ ከነቅርንጫፉ ይወርሳል!"

"ይወርሳል!" አለ አገሩ።

አንጓች ከኋላው ሄዳ አጎዛውን አነሳችና ሁለት እጇን ዘርግታ ለሕዝቡ አሳየችው። ከልጆቹ አንዷ ሳታስበው "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት" ብላ የነጩን እግር ጣት ቆጠረች። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

"የእመት አንጓች ሙክት ነው!"

"ጭራውስ?" አለ አያ ሙጨ። "ያ የኔ ጊደር ጭራ ነው! ለቁርጥማቴ የጣልኳት!"

"ራሱ ላይ የሰካውን እዩ!" አለች አንዲት ሴት። "የኔ አውራ ዶሮ ነው! እኔ ራሴን እያመመኝ እሱ ራሱን አስጌጠበት!"

ሰዉ ዱላ ዱላውን ሲያነሳ አያ ፈንቴ እጁን ዘረጋ። "ተዉ! በሕግ ነው። ቢያድግልኝ፣ ሁለት መንገድ አለህ። ጭዳ ውሸት ነው ካልክ የበላኸውን ከብት ሁሉ ከበረትህ ትተካለህ። ጭዳ እውነት ነው ካልክ የጣልነውን በሽታ ሁሉ ወርሰሃል። ምረጥ።"

ቢያድግልኝ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱን ቆጠረ። በረቱ ሊራቆትበት ነው። በሽታ ደግሞ ሣር አይግጥ፣ በረት አያጣብብ፤ ስም ብቻ ነው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ጠንቅቆ አስልቶ አያውቅም።

"እውነት ነው!" አለ። "ጭዳ እውነት ነው! ወርሻለሁ!"

"ወርሻለሁ ብሏል፤ ስጡት" አለ አያ ፈንቴ።

ሕዝቡ ተሰለፈ። "የኔን ቁርጥማት!" "የኔን የሆድ ቁርጠት!" "የኔን የሰባት ዓመት ሳል!" "የአማቴን ንጭንጭ!"

"እሱ በሽታ አይደለም" አለ አያ ፈንቴ።

"እኔ ነኛ ከእሷ ጋር የምኖር!"

"እሺ፣ ጨምርለት።"

በመጨረሻ ስንዱ ሆዷን ደግፋ፣ እግሯን እየጎተተች ቀረበች። "የኔ በሽታ እርግዝና ነው። ሙክቱን የበላው እሱ ስለሆነ እሱን የሚይዘው መሰለኝ።"

ሰው ሁሉ የቢያድግልኝን ቦርጭ አየ። ምስክር አልተጠራም። "ዘጠነኛ ወሩን ይዟል" ብሎ አያ ፈንቴ ፈረደ።

ያን ጊዜ አንጓች ተናገረች። "ወገኖቼ፣ የአርባ ሁለት ቤት በሽታ የተሸከመ ሰው መካከላችን እንዴት ያድራል? ለልጆቻችን አይተርፍም? መድኃኒቱን እንደሆነ ራሱ አስተምሮናል።"

አገሩ በአንድ አፍ ጮኸ፦ "አዙሩ! ጣሉ! ዞራችሁ አትዩ!"

ቃሬዛ መጣ። ሃያ አራት ጎበዝ ተሸከመው፤ በመጀመሪያው ዙር ስምንቱ ደከሙ፣ በሁለተኛው ቃሬዛው ተሰበረ፣ ሦስተኛውን ዙር እየተንከባለለ ጨረሰው። ዋርካውን ሦስት ጊዜ ካዞሩት በኋላ መንታ መንገዱ ላይ ጣሉት። ከዚያ ሁሉም ፊቱን መለሰ።

"ውሸ... ማለቴ እውነት... ኧረ ስሙኝ! ትርንጎ! አንቺ እንኳ አንሺኝ!"

ትርንጎ ጀርባዋን እንደሰጠችው መለሰች። "ያነሳ ይወርሳል ያልከኝ አንተ አይደለህም? ቁርጥማቱንስ እሺ፤ የሰው አማት ንጭንጭ ተሸክሜ የት ልገባ?" ቤቷ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍም የሚሰጣት ጎረቤት ስለጠፋ እሳት ማሳደር ለመደች።

ስንዱ ግን በመንገድ ላይ ሳቋ አላቆም አለ። ስትስቅ ስትስቅ ወገቧን ያዘች፣ ስትይዝ ምጡ መጣ። አንጓች አገጯን መጨበጥ ሳያስፈልጋት ፊት ፊቷን ሮጠች። ታላቋ በሞተችበት መደብ ላይ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ስንዱ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሦስት እልልታ ከመንደሩ ተነስቶ መንታ መንገዱ ድረስ ወረደ። ቢያድግልኝም ሰማው፤ የተገላገለችው ያቺ በሬው ካልተጣለ ትሞታለች ያላት ናት።

አመሻሽ ላይ አንድ ጅብ በዚያ አለፈ። ያን ጊዜ ጅብ ከሰው ጋር ይነጋገር ነበር፤ አሁን የተወው ሰው ውሸት ስላበዛበት ነው።

"ይህ ሁሉ ሥጋ የማን ነው?" አለ ጅቡ ምራቁን እየዋጠ።

ቢያድግልኝ ፊቱን በእጁ ጋረደ። "እባክህ አያ ጅቦ!"

"ቆይ፣ ቆይ። መንታ መንገድ ላይ ነህ። ጭዳ ነህ እንዴ?"

"ነ... ነኝ።"

"የስንት ሰው?"

"የአርባ ሁለት ቤት።"

ጅቡ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። "በል ደህና እደር። እኔ ሆዳም ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም" ብሎ ሄደ። ዞሮም አላየ። ቢያድግልኝ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጎዳበት የኖረው ውሸት ለአንድ ቀን ነፍሱን አተረፈለት።

በሦስተኛው ቀን ረሃቡ ከበረቱ በለጠበት። "ውሸት ነው! ጭዳ ውሸት ነው! ጠጠሩም፣ ኮከቡም፣ ሞራውም ውሸት ነው! ሁሉንም እተካለሁ!" እያለ ጮኸ። አያ ፈንቴ መጥቶ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ።

"ጮክ በል። ዞሬ እንዳላይህ ሕግ አለ።"

"ው-ሸ-ት ነ-ው!"

አያ ፈንቴ ቀስ ብሎ ዞረ። አየው። ምንም አልያዘውም። "እንግዲህ ተነስ" አለው። "በእግርህ። የሚያነሳህ የለም።" ቦርጩ በሦስት ቀን ረሃብ ቀሎለት ስለነበር ተነሳ።

በረቱ ተከፈተ፣ ከብቱም ለየባለቤቱ ተተካ። አንጓች ለአንዱ ሙክቷ ሁለት በግ ብትቀበልም ልቧ የቀረው ከአጎዛው ጋር ነው። ዳልቻ ሰኞ ተጠምዶ ወጥቶ ነበርና ማሳው ከሐሙስ በፊት ታርሶ አለቀ። በአራሷ መደብ ላይ ሕፃኗ የተኛችው በዚያ ጥቁር አጎዛ ላይ ነው። አንጓች አንድ ቀን የሕፃኗን ግራ እግር አንስታ በነጩ ምልክት ላይ አስቀመጠችው። ልክክ አለ፤ አምስቱ ጣት ሳይቀር። ያን ቀን ሳቀችም አለቀሰችም፤ ጭስም ዝናብም የሚሸፍንላት አልፈለገችም።

ቢያድግልኝ ዛሬ የት አለ ብትሉ ገበሬ ሆኗል አሉ። ማረሻ ይዞ ሲሄድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ "አዋቂው፣ ዘንድሮ ዝናብ ይመጣል?" ይለዋል። እሱም "ወይ ይመጣል፣ ወይ አይመጣም" ይላል። እውነት መናገር ጀምሯል።

ተረቴ እዚህ ላይ አራገፈች፤ የሰማ ለጎረቤቱ ይጫናት። የዚያ አገር ሽማግሌዎችም እስከ ዛሬ እንዲህ ይላሉ፦

የሰው በግ ሲያዞር የኖረ፣ አንድ ቀን ራሱ ዞረ።